መጫንማ ማንም ይጭናል!

ስለ ሶፍትዌር ሲወራ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው «እንዴት ነው የሚጫነው?» ብሎ ነው። «እንዴት ነው የሚነሳው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ የምትመጣው ዘግይታ ነው፤ ዲስኩ ሲሞላ፣ ማሽኑ ሲንቀራፈፍ፣ ወይም አንዱ ፕሮግራም ከሌላው ጋር አልስማማ ሲል…

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሊኑክስ ፓኬጅ ማኔጀር ታሪክ ነው። ፓኬጅ ማኔጀር ማለት ሶፍትዌር የሚጭን፣ የሚያድስና የሚያነሳ ፕሮግራም ነው። የእኔ ክርክር ደግሞ አጭር ናት፦ ይህን ታሪክ ወደፊት የገፋው መጫን ሳይሆን ማንሳትና መተካት ነው። መጫንማ ማንም ይጭናል! ቁም ነገሩ የጫኑትን ሳያበላሹ ማደስ፣ ሲሰለቹት ደግሞ ጎረቤቱን ሳይነኩ ማስወጣት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እስቲ ከሥሩ እንጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መዝገብ ያልነበረበት ዘመን

ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን በኢንተርኔት ያሳወቀው በኦገስት 1991 ነበር። የሠራው ግን ከርነሉን ብቻ ነው። ከርነል ብቻውን ማለት ሞተር ብቻውን እንደ መግዛት ነው፤ ጎማውን፣ መሪውንና ወንበሩን ከየቦታው ለቃቅሞ መግጠም የባለቤቱ ፈንታ ነበር።

አብዛኛው ሶፍትዌር የሚመጣው በጥሬ ኮድ ነው። ተጠቃሚው ኮዱን በራሱ ማሽን ላይ ኮምፓይል ያደርግና በመጨረሻ «ሜክ ኢንስቶል» የምትል ትእዛዝ ይሰጣል። በዚህች ትእዛዝ ፕሮግራሙ እንደ ተልባ ይበተናል። ዋናው ፋይል «ቢን» ወደሚባለው ማህደር፣ ላይብረሪው ወደ «ሊብ»፣ ሴቲንጉ ወደ «ኢቲሲ»፣ መመሪያው ወደ «ማን» ይሄዳል። የቱ ፋይል ከየትኛው ፕሮግራም እንደ መጣ የሚጽፍ ጸሐፊ አልነበረም። አንዳንድ ደራሲዎች «ሜክ አንኢንስቶል» የምትል የመመለሻ ትእዛዝ ያዘጋጃሉ፤ ሌሎቹ ግን ነገሬም አይሉት።

ማደስም ያው ነው። አዲሱ እትም በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል። በአሮጌው ውስጥ የነበረና በአዲሱ ውስጥ የሌለ ፋይል ካለ ባለቤት አልባ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ከዓመት በኋላ ማሽኑ የማንነታቸው በማይታወቅ ፋይሎች ይሞላል። ልሰርዝ ቢሉ ያስፈራል፤ ልተው ቢሉ ይከማቻል።

ይህ የሊኑክስ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ዊንዶውስ 95 በ1995 ፕሮግራም የሚጨመርበትና የሚነሳበት መስኮት ይዞ መጣ፤ ነገር ግን መስኮቱ የሚያደርገው ፕሮግራሙ ራሱ ይዞት የመጣውን ማንሻ መጥራት ነበር። ተከራዩ ሲለቅ ቤቱን የሚያስረክበውም፣ ርክክቡን የሚፈርመውም ራሱ ተከራዩ እንደ ማለት ነው። ትቶት የሄደውን ኮተት ማን ይቆጥር?

የመጀመሪያው ደብተር

በ1992 ፒተር ማክዶናልድ የተባለ ሰው ከርነሉንና አስፈላጊ ፕሮግራሞችን አንድ ላይ አሰናድቶ «ኤስኤልኤስ» የሚባል ስርጭት አወጣ። ብዙዎች በእሱ ሊኑክስን ቀመሱ፤ ብዙዎችም በስህተቱ ብዛት ተማረሩ። ከተማረሩት መካከል የሁለቱ ምሬት ታሪክ ሆነ።

አንዱ ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ነው። በጁላይ 1993 ኤስኤልኤስን አርሞና አስተካክሎ «ስላክዌር» ብሎ አወጣው። ስላክዌር ዛሬም በሕይወት አለ። የስላክዌር ፓኬጅ ተራ የተጠቀለለ ፋይል ነው። ሲጫን ግን አንድ ቁም ነገር ይደረጋል፤ ፓኬጁ የበተናቸው ፋይሎች ዝርዝር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይሰፍራል። ፓኬጁ ሲነሳ ያ ዝርዝር ይነበብና ፋይሎቹ አንድ በአንድ ይሰረዛሉ፤ ሌላ ፓኬጅም «የእኔ ነው» ብሎ ያስመዘገበው ፋይል ካለ አይነካም።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን ከምንም የተሻለ ነው። ደብተሩ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህ ፓኬጅ ቢነሳ ማን ይጎዳል? ስላክዌር ይህን ሆነ ብሎ ለባለቤቱ ትቶታል። «ማሽንህን አንተ እወቀው» ነው ፍልስፍናው።

ዕድሩ ተቋቋመ

ሁለተኛው የተማረረ ሰው ኢያን መርዶክ ነው። በአሜሪካ ኢንዲያና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን ዕድሜው 20 ነበር። በኦገስት 16 ቀን 1993 አዲስ ስርጭት መጀመሩን አስታወቀ። የፍቅረኛውን የዴብራን ስምና የራሱን አጋብቶ «ዴቢያን» አለው። ሐሳቡ አንድ ሰው ሁሉን የሚሠራበት ሳይሆን ብዙ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው የተወሰነ ፓኬጅ ተረክበው የሚንከባከቡበት ስርጭት ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ያለ ሕግ አብሮ መሥራት አይችልም። ሕጉን የሚያስከብረው መሣሪያ «ዲፒኬጂ» ተባለ። በ1994 መጀመሪያ ቀላል ስክሪፕት ሆኖ ተወለደ፤ በዚያው ዓመት ኢያን ጃክሰን ዋናውን ክፍል በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንረዳ። የሊኑክስ ፕሮግራሞች ዕቃ ይጋራሉ። ፊደል ስክሪን ላይ የሚስለው፣ ምስጢር የሚቆልፈው፣ ፎቶ የሚከፍተው ኮድ በየፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ አይገኝም፤ «ሼርድ ላይብረሪ» በሚል ስም አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉም ይጠቀምበታል። የዕድር ዕቃ በሉት። ሰፈሩ ውስጥ መቶ ቤት ቢኖር መቶ ድንኳንና መቶ ትልቅ ብረት ድስት አይገዛም፤ አንዱ ለሁሉ ይበቃል። ድስቱ ቢሸነቆርም አንዴ ሲበየድ ለሁሉም ተበየደ። ችግሩ የሚመጣው አንዱ አባል ሰፈር ሲለቅ ነው። «ድስቱ ከእኔ ጋር ነው የመጣው» ብሎ ጭኖት ቢሄድ በሚቀጥለው ለቅሶ ሰው በምን ይበላል?

የዴቢያን ፓኬጅ ስለዚህ ከፋይሎቹ ጋር ወረቀት ይዞ ይመጣል። «ስሜ ይህ ነው፣ እትሜ ይህ ነው፣ ለመሥራት እነ እገሌን እፈልጋለሁ፣ ከእነ እገሌ ጋር አልስማማም» ይላል። ዲፒኬጂም አንድ ላይብረሪ አንሳልኝ ሲባል መጀመሪያ ደብተሩን ይገልጣል፤ የሚፈልገው ሌላ ካለ «አይሆንም» ይላል።

በዚሁ ሰሞን ሬድ ሃት ውስጥ ማርክ ዩዊንግ እና ኤሪክ ትሮአን ተመሳሳይ መንገድ ይዘው ነበር። የእነሱ «አርፒኤም» በ1995 ከሬድ ሃት ሊኑክስ 2.0 ጋር ወጣ። አርፒኤም ከፋይሎቹ ስም አልፎ አሻራቸውንም ይመዘግባል። ስለዚህ ከተጫነ በኋላ የተነካካ ፋይል ካለ ተጠይቆ ያጋልጣል። «ይህ ፋይል የማን ነው?» ብትሉትም ባለቤቱን ይነግራችኋል። በ1991 ይህን የሚመልስ አልነበረም።

«እሱ ካልመጣ አልመጣም»

ታዲያ ደብተሩ ሲጠነክር አዲስ መከራ መጣ። አርፒኤምም ሆነ ዲፒኬጂ የጎደለውን ይናገራሉ እንጂ አያመጡም። አንድ የሙዚቃ ማጫወቻ ትጭናላችሁ፤ «እገሌ የሚባል ላይብረሪ ያስፈልገኛል» ይላል። እሱን ፈልጋችሁ ስታመጡ «እኔ ደግሞ ሌላ ሁለት እፈልጋለሁ» ይላል። ከሁለቱ አንዱ ማሽኑ ላይ ካለው ከፍ ያለ እትም ይጠይቃል፤ ያንን ከፍ ላድርግ ስትሉ በአሮጌው እትም የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም «እኔን ምን ልታደርጉኝ ነው?» ብሎ ይጮሃል። የዘመኑ ሰዎች የጥገኝነት ገሃነም ይሉት ነበር። ስም ማውጣት ያውቁበታል!

መፍትሔው ከዴቢያን መጣ። «ኤፒቲ» የተባለው መሣሪያ በማርች 1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር በይፋ ወጣ። ኤፒቲ ከዲፒኬጂ በላይ የተቀመጠ አእምሮ ነው። ሪፖዚተሪ በሚባል ማከማቻ ውስጥ ያሉትን ፓኬጆች ዝርዝር ያውቃል፤ አንዱን ሲጠይቁት የሚከተሉትን ሁሉ አስልቶ፣ አውርዶ፣ በቅደም ተከተል ለዲፒኬጂ ያስረክባል።

ሁለቱ ዝነኛ ትእዛዞችም የመጡት ከዚህ ነው፤ እስከ ዛሬ ሰው ያምታታቸዋል። «አፕዴት» ምንም ሶፍትዌር አያድስም፤ በማከማቻው ውስጥ ምን እንዳለ የሚገልጸውን ዝርዝር ብቻ ያድሳል። ሶፍትዌሩን የሚያድሰው «አፕግሬድ» ነው። የመጀመሪያው የገበያውን ዋጋ መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው መግዛት። ዋጋ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው የትናንቱን ይገዛል።

በአርፒኤም ሰፈር ደግሞ ብራዚላዊው ኮኔክቲቫ ኤፒቲን ለአርፒኤም አስማማው። ከዚያ በአፕል ፓወር ፒሲ ማሽኖች ላይ ለሚሠራው የሎ ዶግ ሊኑክስ የተጻፈ ማደሻ ነበር፤ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ሴት ቪዳል እና ማይክል ስቴነር እንደገና ጻፉትና «ያም» ተባለ። የክፍሉን ኮምፒውተሮች ለማስተዳደር የታሰበው ነገር የፌዶራና የሬድ ሃት መሣሪያ ሆነ። ፌዶራ በ2015 በእትም 22 ያምን በ«ዲኤንኤፍ» ተካ። ያም ራሱ በሥርዓት ተነሥቶ በሥርዓት ተተካ ማለት ነው!

ከበስተጀርባው ያለው ስሌት ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በ2006 ኢዶስ በተባለው የአውሮፓ ፕሮጀክት ሥር የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ፓኬጅ ከነጥገኞቹ ሊጫን ይችል እንደሆነ መወሰን የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ከሚፈሯቸው ከባድ የስሌት ጥያቄዎች መደብ ውስጥ ነው። ኦፐንሱሴ በ2008 በእትም 11.0 ለዚህ ዓይነት የሎጂክ እንቆቅልሽ የተሠራ ፈቺ አስገባ፤ ከእሱ የወጣው ላይብረሪ በኋላ የዲኤንኤፍም ልብ ሆኗል።

ማንሳት ስንት ዓይነት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዴቢያን ላይ ማንሳት አንድ ነገር አይደለም። «ሪሙቭ» ፕሮግራሙን ያነሳል፤ ለማሽኑ የተስተካከሉለትን ሴቲንጎች ግን ይተዋል። ሰውየው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ድካሙ እንዳይጠፋ ነው። «ፐርጅ» ሴቲንጉንም ጠራርጎ ያወጣል። ሁለቱም ቢሆኑ በተጠቃሚው የግል ማህደር ውስጥ ያለውን አይነኩም፤ እሱ የሰው ንብረት ነውና።

ሌላው ጥያቄ የወላጅ አልባዎቹ ነው። የሙዚቃ ማጫወቻው ሲገባ አሥር ላይብረሪ ጎትቶ ቢመጣ፣ እሱ ሲወጣ አሥሩስ? ኤፒቲ እያንዳንዱን ፓኬጅ «ባለቤቱ ራሱ የጠየቀው» ወይም «በሌላው ተጎትቶ የመጣ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ተጎትቶ የመጣው የሚፈልገው ሲጠፋ «ኦቶሪሙቭ» ያወጣዋል። ይህ ልማድ መጀመሪያ በ«አፕቲቲዩድ» ታየ፤ በኋላ ወደ ኤፒቲ ገባ። ፕሮግራሙ የሰውየውን ፋይል ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም መመዝገብ ጀመረ ማለት ነው።

ማደስም የራሱ ምስጢር አለው። ሊኑክስ ላይ እየሠራ ያለ ፕሮግራም ፋይሉ ቢተካበትም አሮጌውን እንደ ያዘ ይቀጥላል። ስለዚህ ማሽኑን ሳያጠፉ ማደስ ይቻላል፤ ግን አዲሱ ሥራ የሚጀምረው ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ነው። በአፕሪል 2014 «ሃርትብሊድ» የተባለው የኦፐንኤስኤስኤል ቀዳዳ ሲገለጥ የዕድሩ ድስት ጥቅም ታየ፤ አንድ ላይብረሪ ሲታደስ በእሱ የሚጠቀም ሁሉ ተፈወሰ። ሰርቪሱን ሪስታርት ያላደረገ አስተዳዳሪ ግን አዲሱን በዲስክ፣ ቀዳዳውን በሜሞሪ ይዞ ተቀመጠ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች

ደብተሩ ያስጠነቅቃል፤ ግን ማን ያነባል? በኖቬምበር 2021 ሊኑስ ሴባስቲያን የተባለው ዝነኛ የዩቲዩብ ሰው (ከቶርቫልድስ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኙት) ፖፕ ኦኤስ በተባለው ስርጭት ላይ «ስቲም» የሚባለውን የጌም ፕሮግራም ለመጫን ሞከረ። በዚያ ሰሞን ከፓኬጆቹ መካከል ስህተት ነበር። ኤፒቲ ስሌቱን ሠርቶ «ስቲምን ለመጫን ዴስክቶፑን ማንሳት አለብኝ» አለ፤ ረጅም ዝርዝር ዘረዘረ፣ አስጠነቀቀ፣ ለማረጋገጥም «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!» የምትል ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ጠየቀው። ሰውየው ጻፈ። ዴስክቶፑ ጠፋ። ሚሊዮኖች አዩት።

ብዙ ሊኑክሰኛ «አንብብ ተብሎ አላነበበም!» ብሎ ሳቀበት። የኤፒቲ ሠሪዎች ግን ከሳቅ ይልቅ ሥራ መረጡ፤ ከዚያ በኋላ በወጡት እትሞች ወሳኝ ፓኬጆች በአንዲት ዓረፍተ ነገር እንዳይነሱ አደረጉ። ልክ ናቸው። ጌም ልጫን ያለን ሰው ቤትህን ላፍርስልህ ወይ ብሎ መጠየቅ በራሱ የጥያቄ ጉድለት ነው።

ደብተሩን የያዘው ማን ነው?

እስካሁን ስለ ደብተሩ አወራን። አሁን ስለ ጸሐፊው።

ሲያድሱ የሚወርደው ፓኬጅ እውነት ከዴቢያን መምጣቱን በምን እናውቃለን? በዲጂታል ፊርማ። ኤፒቲ የማከማቻውን ፊርማ በራሱ መመርመር የጀመረው በ2007 በወጣው ዴቢያን 4.0 ነው። ፊርማ ግን ማን እንደ ላከው ይነግረናል እንጂ የላከው ነገር ደግ መሆኑን አይነግረንም።

በሜይ 2008 የዴቢያን ሰዎች መራራ ዜና ነገሩን። በ2006 ከኦፐንኤስኤስኤል ኮድ ውስጥ የፍተሻ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ያሰማባቸው መስመሮች ተነሥተው ነበር። የተነሡት መስመሮች ለካ ለምስጢር ቁልፎች ዘፈቀዳዊነት የሚሰጡት ነበሩ! ለሁለት ዓመት ገደማ በዴቢያንና ከእሱ በተወለዱት በነኡቡንቱ ላይ የተሠሩ ቁልፎች በየዓይነታቸው ከ32,768 የማይበልጡ ሆኑ፤ ሁሉንም ሞክሮ መክፈት ይቻላል። ፓኬጁን ማደስ ቀላል ነበር፤ የተሠሩትን ቁልፎች ግን ፓኬጅ ማኔጀር ሊያነሳቸው አይችልም፤ በደብተሩ ላይ የሉማ! ሰው በእጁ አንድ በአንድ መቀየር ነበረበት። የሚፈልገው ማን እንደሆነ ሳይጣራ የተነሳ ነገር ምን እንደሚያደርግ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

በማርች 29 ቀን 2024 ደግሞ የባሰ መጣ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተዋለ። ጠርጥሮ ሲቆፍር «ኤክስዜድ» የተባለው የማመቂያ ሶፍትዌር እትም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። ያስገባው «ጂያ ታን» በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ሲያግዝና አመኔታ ሲያተርፍ የቆየ ሰው ነው። እትሙ ገና በሙከራ ላይ ባሉ የዴቢያንና የፌዶራ ስርጭቶች ውስጥ ገብቶ ነበር። ከአፍንጫችን ሥር ተያዘ።

እንዴት ተነሳ? እዚህ ላይ የታሪካችን ውብ ቦታ አለ። ፓኬጅ ማኔጀር የሚያውቀው ወደ ፊት መሄድ ነው፤ ከፍ ያለ ቁጥር ካየ አዲስ ነው ብሎ ይጭናል፤ ወደ ኋላ በራሱ አይመለስም። የዴቢያን ሰዎች ስለዚህ አሮጌውን ንጹሕ እትም 5.4.5ን «5.6.1+ሪሊ5.4.5» ብለው ሰየሙት። «ቁጥሬ 5.6.1 ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን 5.4.5 ነኝ» እንደ ማለት። ማሽኖቹም ወደ ፊት የሄዱ መስሏቸው ወደ ኋላ ተመለሱ። በዚህ መንገድ ማንሳት በማደስ ልብስ መጣ።

መጥፎ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል

ዕድሩ የሰለቻቸውም አሉ። ኤልኮ ዶልስትራ በ2003 የጀመረው «ኒክስ» የትኛውንም እትም በሌላው ላይ አይጽፍም፤ እያንዳንዱ በራሱ ክፍል ይቀመጣል፤ ወደ ኋላ መመለስም ያለፈውን ክፍል እንደገና መክፈት ብቻ ነው። በ2013 የመጣው ዶከር፣ በኋላም ፍላትፓክና ስናፕ፣ ፕሮግራሙን ከብዙ ዕቃዎቹ ጋር ጠቅልለው ያመጡታል። ሲነሳ ጥርግ ብሎ ይወጣል፤ ከማንም ጋር አይጣላም። ዋጋው ግን አለ። በየጥቅሉ ውስጥ የተሸነቆረ ድስት ካለ በየቤቱ ዞሮ መበየድ ነው። ባለቤቱ ጥቅሉን እስኪያድስ ድረስ የእናንተ አፕግሬድ አይደርስበትም።

የቱ ይሻላል ብዬ አልፈርድም። የምፈርደው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ በደብተር ላይ ያልሰፈረ ነገር አይታደስም፤ አይነሳምም። ከኢንተርኔት የተገኘን ስክሪፕት «ይህን ኮፒ አድርገህ በአስተዳዳሪ መብት አስኪደው» ሲሉን ዓይናችንን ጨፍነን የምናስኬድ ሁሉ ወደ 1991 እየተመለስን ነው። ተልባው ይበተናል፤ ጸሐፊ የለም።

ኢያን መርዶክ በዲሴምበር 2015 በ42 ዓመቱ አረፈ። ሴት ቪዳል በጁላይ 2013 በብስክሌት ሲሄድ መኪና ገጭቶት አለፈ። ዛሬ የትም ቦታ አንድ ሰው ማሽኑን አድሶ፣ ያልፈለገውን አንስቶ፣ ያለ ችግር ወደ ሥራው ሲመለስ የእነሱን ደብተር እየገለጠ ነው። ስማቸውን ባያውቅም። የጥሩ ዕድር ጸሐፊ ዕጣው ይህ ነው፤ የሚታወሰው ደብተሩ ሲጠፋ ነው።

ቸር ሰንብቱ። ሳትዘጉም «አፕዴት» በሉ። ከዚያ ደግሞ «አፕግሬድ»!